ባለቤቱ ያልቆመበት ጀሪካን

አንድ ሰው ነበረ፤ የቦኖ ቁልፍ የያዘ።

ያፌት፣ ስልክህን ኪስህ ክተትና ስማኝ። «አርባ ሺህ ስልክ ጠጋኝ የሚጠያየቅበት ግሩፕ አለኝ፣ ብቻዬን አልቻልኩም፣ ነገ አድሚን ልሾም ነው፣ ማንን ልምረጥ?» ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ አይደለህ? እኔ ስለ ግሩፕ ብዙም አላውቅ። ሰልፍ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ የሰውዬውን ልንገርህ።

ሰፈሩ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት። አራት ሲል ቧንቧው ሁለት ጊዜ ያስነጥስና ቀጥ ይላል። እስከዚያ ያልደረሰው ሰው፣ በቃ፣ ቤቱ ደርቆ ይሰነብታል። ሰዉ ደግሞ ሲነጋጋ መጥቶ እስከ ረፋድ አይገተርም፤ ሥራ አለው። ጀሪካኑን ሰልፉ ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል። አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፣ ሌላው ሽቦ፣ ሌላው በምስማር ይጭረዋል። ተራው ሲደርስ ሰውዬው ይቀዳለትና ጥግ ያቆምለታል። ባለቤቱ ኖረ አልኖረ አይጠይቅም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የሠራው።

ኋላ ጉልበቱ አበጠ። ሐኪሙ ሁለት ወር ትተኛለህ አለው፤ ቀጠሮው በሚቀጥለው ሰኞ። ያለው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁልፉን የሚሰጠው ሰው ማግኘት አለበት። ለማይሆን ሰው ከሰጠ ሦስት መቶ ቤት ይጠማል። እንቅልፍ አጣ። ተቀምጦ ይነሳል፣ ተነስቶ ይቀመጣል፣ ጉልበቱ ይብስበታል።

ወሬው ሲሰማ ሰው ጎረፈ። ቀድማ የደረሰችው አንዲት ተጫዋች ሴት ናት። ቆሞ የሚያወራትን ሁሉ በስሙ ትጠራለች። ቦኖው ጋ ያልነበረችበት ቀን የለም፤ ወደ ቤቷ ስትገባ ያያት ሰውም የለም።

«እኔ ካልያዝኩት ማን ሊይዘው ነው? ጋሼ፣ እኔኮ እዚህ ነው የምኖረው! ጥላ ብቻ ይትከሉልኝ» አለች። ሰዉ ሳቀ።

ማክሰኞ ትሞክር ተባለ። እንደዚያ ቀን የተሳቀበት ሰልፍ የለም። «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ያንቺን ወደዚህ አምጪው» ትላለች፤ አንዱ ጀሪካን ሹልክ ይላል፣ ሌላው ይከተላል። ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። አራት ሰዓት ሲሆን ግን ስማቸውን የማታውቃቸው ሰዎች ጀሪካን ሁሉ ባዶውን ቀረ። እነሱም ሥራ ላይ ስለነበሩ የጮኸ የለም።

ቅዳሜ ተራው የአንድ የቀድሞ ዘበኛ ሆነ። ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ለእኔ ይተዉት። መስመሩን እንደ ክር ነው የምወጥርልዎት። ወንበር ካለ ብቻ ይፈለግልኝ።»

ሰውዬው ወደደው። አንተም ትወደው ነበር፣ አትዋሽ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋና «ባለቤቱ ያልቆመበት ጀሪካን ይነሳ!» አለ። የሚያነሳ ሲጠፋ በእግሩ እየጠለዘ ወደ ቦዩ አንከባለለው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰልፉ እውነትም ክር መሰለ። ሰውዬው ድንጋይ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ «ተመስገን፣ ተገላገልኩ» አለ በልቡ።

ሰልፉ መሀል አንዲት ሴት ቆማለች። የሰው ልብስ አጣቢ ናት፤ ውሃ ካጣች ሥራ የላትም። ጀሪካኗን ባለበት ትታ ወደ ቦዩ ወረደች። የተንከባለሉትን ሰባት ጀሪካኖች አንድ በአንድ ለቀመች። ጨርቁንና ሽቦውን እያየች፣ ቀዩ እዚህ ነበር፣ ይሄኛው ከሱ ቀጥሎ እያለች፣ ሁሉንም ከራሷ ፊት ደረደረቻቸው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ዘበኛው። «ያንቺ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«የዘመድሽ ናቸው?»

«የማን እንደሆኑ አላውቅም።»

«ታዲያ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ከፊቴ ነበሩ» አለች።

ከኋላዋ ያሉት ጮኹባት። «ሰዓቱ ሄደ እኮ! ከየት የመጣች ደግ ናት!» ዘበኛው ሊጠልዛቸው እግሩን አነሳ። ይኼኔ ሰውዬው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ «ቅዳላቸው» አለ። ሰባቱም ተቀዱ። የሷ ጀሪካን አፉ ቧንቧው ሥር እንደገባ አራት ሰዓት ሆነ። ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ልትሄድ ስትል ሰውዬው ጠራት።

«ነይ እስቲ። ቁልፉን ያዢ።»

«እኔ? ኧረ በማርያም ጋሼ! ሰው ይሰድበኛል።»

«ይሰድብሻል።»

«ሥራም አለብኝ።»

«አውቃለሁ።»

ቧንቧውን አየች፣ ያበጠ ጉልበቱን አየች። ከዚያ «መቼ ነው ቁልፉን መልሰው የሚቀበሉኝ?» አለችው።

«በሁለት ወር።»

«አንድ ቀን ቢያልፍ በርዎ ላይ ጥዬልዎት ነው የምሄደው። ይወቁት።»

ሰውዬው በዚያ ሳምንት ያኔ ገና ሳቀ። አንዷ ጥላ ጠየቀችው፣ አንዱ ወንበር ጠየቀው፤ መቼ ይቀበሉኛል ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት። ቁልፉን ሰጣት። ሰልፉ እሷ ጋ ክር አልመሰለም፤ ይጣመማል፣ ይጨቃጨቃል፣ ተሰድባለች። ብቻ ሰው ጀሪካኑን አስቀምጦ ሄዶ ሲመለስ ሞልቶ ያገኘዋል።

እንግዲህ ያፌት፣ ያንተ ግሩፕ ያው ሰልፉ ነው። አርባ ሺህ ጀሪካን እንጂ የአንዱንም ፊት አታይም። ቀኑን ሙሉ የሚያወራውንና «ልካቸውን አሳያቸዋለሁ» የሚልህን ሁለቱንም ታውቃቸዋለህ፤ እነሱ ራሳቸው ሹመን ብለው ጽፈውልሃል።

«እሷን የመሰለው ግን እጁን አያወጣም እኮ» አልከኝ አሁን። ልክ ነህ፣ አያወጣም።

ትናንት እየሳቅህ ያሳየኸኝን አስታውስ። ከአሶሳ አንድ ጠጋኝ ስለ ቻርጅ ሶኬት ጠየቀና ወደ ሥራው ሄደ። «መቶ ጊዜ የተጠየቀ» ብለህ ጥያቄውን አጠፋኸው። ሌላ ሰው ጥያቄውን መልሶ ለጠፈለት፣ ከሥሩም መልሱን ጻፈለት። «ጓደኛህ ነው?» አልከው። «አላውቀውም፣ ግን ጠይቆ ነበር» አለህ። አንተ ምን አደረግህ? ተናደህ ለሦስት ቀን እንዳይጽፍ ዘጋህበት። ፊሽካው አንገትህ ላይ ነው፣ ወንድሜ።

በል አሁን ስልክህን አውጣ። መጀመሪያ ክፈትለት። ከዚያ አድሚን ሁንልኝ ብለህ ለምነው። «መቼ ነው የምትረከበኝ?» ካለህ፣ እሱን ሹመው።