ትርንጎን የሚሰማት ሰው

ስሙኝ ልላችሁ ነው። አልሰማም የሚል ካለም አይከፋኝም፤ እሱም የታሪኩ ክፍል ነው።

በአንድ የተከበረ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትርንጎ የምትባል የአፈር ሳይንስ ተማሪ ነበረች፤ ልትመረቅ ጥቂት ሳምንት የቀራት። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ተማረች፣ በእንግሊዝኛ ተፈተነች፣ በእንግሊዝኛ ኤ አመጣች። በነዚህ አራት ዓመታት ግን በእንግሊዝኛ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጥፋት ነው አልልም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ የለም።

አሁን አንድ የምርጥ ዘር ድርጅት ማመልከቻዋን አይቶ ለዓርብ ጠዋት ቃለ መጠይቅ ጠራት። በእንግሊዝኛ ነው። መስታወት ፊት ቆማ ሞከረችው፤ «ማይ ኔም ኢዝ» ካለች በኋላ የገዛ ስሟ ጠፋባት። ስለዚህ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች፦ በእንግሊዝኛ የሚጠይቃት፣ እስክትጨርስም የሚሰማት ሰው። ለአንድ ሰዓት።

ማክሰኞ ጠዋት እንግሊዝኛ ወደሚያስተምሩት ወደ መምህር አጥናፉ ሄደች።

«መምህር፣ አንድ ሰዓት ብቻ ይጠይቁኝና ልመልስልዎ።»

«በደስታ! ግን እዚህ ኮሪደር ላይ? ለዚህ ተብሎ እኮ ክፍል ተሠርቷል።»

እውነታቸውን ነው። «የተመራቂዎች የሥራ ዝግጅት ማዕከል» የሚል ሰሌዳ፣ የመስታወት በር፣ ከነላስቲካቸው የተደረደሩ አሥራ ሁለት አዳዲስ ወንበሮች። ሪባኑ ከተቆረጠ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም።

«ይከፈትና እሰማሻለሁ» አሉ። መምህሩ አልሰማ አሉ፣ የትርንጎም አፍ አልፈታ አለ።

ቁልፉ በዘበኛው በጋሽ በየነ አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

«ጋሼ፣ በሩን ይክፈቱልኝ፤ መምህር ይሰሙኛል።»

«ወንበሮቹ አዲስ ናቸው እኮ ልጄ።»

«እንቀመጥባቸዋለን እንጂ አንበላቸውም ጋሼ።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ አምጪ።»

ጋሽ በየነ አልከፍት አሉ፣ መምህሩ አልሰማ አሉ፣ የትርንጎም አፍ አልፈታ አለ።

ወደ ዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወደ ዶክተር ዘለቀ ወጣች።

«ዶክተር፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ጋሽ በየነ ይከፍታሉ፣ መምህር ይሰሙኛል።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «በሥራ ዝግጅት ጉዳይ ያለኝን አቋም ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር ጥናት አቅርቤበታለሁ።»

«ነበርኩ፣ ዶክተር። አጨብጭቤያለሁ።»

«እንግዲህ። ደብዳቤ ለመጻፍ ግን የማዕከሉ ኮሚቴ መወሰን አለበት። ቃለ ጉባኤ ይምጣልኝ።»

ዶክተሩ አልጽፍ አሉ፣ ጋሽ በየነ አልከፍት አሉ፣ መምህሩ አልሰማ አሉ፣ የትርንጎም አፍ አልፈታ አለ።

ኮሚቴው ሰው አያስቸግርም፤ አምስቱም አባላት ሻይ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ተገኙ።

«ለመሰብሰብ ዝግጁ ነን» አሉ ሰብሳቢው። «ከጥር ጀምሮ ዝግጁ ነን።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ሻይ የለም።»

«ያለ ሻይ አይሰበሰብም?»

አምስቱም ዞረው አዩዋት። «ይቺ ልጅ» አሉ ሰብሳቢው በሐዘን፣ «አጀንዳ አንድ ምን እንደሆነ አታውቅም።»

ኮሚቴው አልሰበሰብ አለ፣ ዶክተሩ አልጽፍ አሉ፣ ጋሽ በየነ አልከፍት አሉ፣ መምህሩ አልሰማ አሉ፣ የትርንጎም አፍ አልፈታ አለ። ቀኑም ረቡዕ ሆነ።

«እትዬ ዳዲቱ፣ እባክዎ ለኮሚቴው ሻይ ይቅዱላቸው» ብላ ለመነች ሻይ ቤቱን የያዙትን ሴት።

«ከምኑ ልቅዳ እቴ? ምድጃዬን ወስደው ይሄን ጉድ አምጥተው ተከሉብኝ።»

ጉዱ ከውጭ የመጣ የሻይ ማሽን ነው። ያበራል፣ ያብረቀርቃል፣ ቁመቱ ሰው ያህላል። «ጥር ላይ አንድ ቀን አፈላ፤ ከዚያ ቀይ መብራት አበራና ዝም። መምህሩ መጥተው አዩት፣ ዶክተሩ መጥተው አዩት፤ ሁለቱም ‹የእኔ ሙያ አይደለም› ብለው ሄዱ። ጋሽ በየነ ብቻ ሁለት ጊዜ በጥፊ መቱልኝ። ውለታቸውን አልረሳም።»

ማሽኑ አላፈላ አለ፣ እትዬ ዳዲቱ አልቀዳ አሉ፣ ኮሚቴው አልሰበሰብ አለ፣ ዶክተሩ አልጽፍ አሉ፣ ጋሽ በየነ አልከፍት አሉ፣ መምህሩ አልሰማ አሉ፣ የትርንጎም አፍ አልፈታ አለ።

ትርንጎ የማሽኑን ጎን አየች። «እዚህ ጋ ቁጥር አለ። ሲበላሽ ይደወል ይላል።»

«ደውዬ ነበር። በእንግሊዝኛ ያዋክቡኛል፤ እኔም በአማርኛ መርቄ ዘጋሁት።» እትዬ ዳዲቱ ቀና ብለው አዩዋት። «ቆይ፣ አንቺ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ?»

«በጽሑፍ ነው እትዬ። አፌ አይፈታም።»

«አንቺ ካላናገርሻቸው ማን ሊያናግራቸው ነው? ሰብሳቢው?» ብለው ቁጥሩን ራሳቸው መቱና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፉት።

ከናይሮቢ አንዲት ሴት አነሳች። አኪኒ እባላለሁ አለች፤ ማንን ላናግር ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

«ማይ ኔም ኢዝ...» አለች ትርንጎ። ስሟ ጠፋ።

አኪኒ ጠበቀች። አልዘጋችም፣ ደብዳቤም አልጠየቀች። «ቀስ በይ፣ ጊዜ አለኝ» አለች።

«ትርንጎ» አለች ትርንጎ።

ምን ይታይሻል? ቀይ መብራት። ከመቼ ጀምሮ? ከጥር። ምን ሞከራችሁ? ትርንጎ ስለ ጥፊው ተናገረች፤ አኪኒ ከት ብላ ሳቀች። የውሃው ቱቦ፣ ሶኬቱ፣ የኋላው ክዳን፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ አንዷ ትመልሳለች። ቃል ሲጠፋት በሌላ መንገድ ትዞርበታለች። አርባ ደቂቃ አለፈ።

«ተጠቅልሎ የመጣበትን ላስቲክ አውልቃችሁለታል?» አለች በመጨረሻ አኪኒ።

«አላወለቅንም።»

«ለምን?»

«አዲስ ስለሆነ።»

ናይሮቢ ፍርዷን ሰጠች። «ትርንጎ፣ ማሽኑ አየር አጥሮት ነው። ቅደጂው።»

«ኧረ ተይ፣ ንብረት ክፍል ቢጠይቁኝስ!» አሉ እትዬ ዳዲቱ።

«ትርንጎ ቀደደችው ይበሏቸው» አለችና ከላይ እስከ ታች ተረተረችው።

ቀዩ ጠፋ፣ አረንጓዴው በራ። ማሽኑ አፈላ፣ እትዬ ዳዲቱ ቀዱ፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ አጀንዳ አንድን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠጣ፣ ቃለ ጉባኤ ያዘ፣ ዶክተሩ ጻፉ፣ ማህተም መቱ፣ ጋሽ በየነ ደብዳቤውን ገልብጠው ጀርባውንም አዩና ከፈቱ። ሐሙስ ከሰዓት መምህር አጥናፉ ከአሥራ ሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

«ስለ ራስሽ ንገሪኝ» አሉ በእንግሊዝኛ።

ተናገረች። እሳቸው ግን በተንቀሳቀሱ ቁጥር የወንበሩ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። «ድምፅሽ አይሰማኝም» አሉ።

ትርንጎ ጋሽ በየነን አየች። ጋሽ በየነ ጣሪያውን አዩ። ላስቲኩ ተቀደደ። መምህሩም አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሙ፤ እንግሊዝኛ የማያውቁት ጋሽ በየነም በሩ ላይ ቆመው በየመሀሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለመሆኑ ማን አለማመደሽ?» አሉ መምህሩ።

«የሻይ ማሽኑ።»

ዓርብ ጠዋት በምርጥ ዘር ድርጅቱ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጠች። «ችግር ገጥሞሽ የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሏት።

«ማሽኑ አላፈላ አለ» ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ «እትዬ ዳዲቱ አልቀዳ አሉ፣ ኮሚቴው አልሰበሰብ አለ፣ ዶክተሩ አልጽፍ አሉ፣ ጋሽ በየነ አልከፍት አሉ፣ መምህሩ አልሰማ አሉ፣ የእኔም አፍ አልፈታ አለ።» ሦስቱም እርሳሳቸውን አስቀምጠው እስክትጨርስ ሰሙ።

«በሩስ?» አለ መሀል የተቀመጠው። «ተመልሶ ተቆለፈ?»

«ደብዳቤው የተጻፈው ለአንድ ሰዓት ነበር፤ ጋሽ በየነ ቆለፉት። ግን ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ ረስተውት ሄዱ።» ትንሽ አሰበች። «እሳቸው ዕቃ የሚረሱ ሰው አይደሉም።»

ሰኞ ደውለው ሥራ ጀምሪ አሏት። ሰኞውኑ እዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠያየቁ ነበር፤ ወለሉ ላይ የተቀደደ ላስቲክ ተከምሯል።

እነሆ እኔም ተናገርኩ፣ እናንተም እስክጨርስ ሰማችሁኝ፤ ያውም ደብዳቤ ሳትጠይቁኝ። እግዜር ይስጥልኝ።