የሐጂ ቡሽራ ሶደቃ የገባበት ኪስ

በአንዲት ጥንታዊ የንግድ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ሚዛን የማያጓድሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ዘወትር ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ምሳቸውን የሚበሉት አወል ከሚባል ሰው ምግብ ቤት ነበር። የምታስተናግዳቸው ሙፊዳ ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ስለሆነች፣ ጠቀም ያለ ጉርሻ ሳይሰጧት ወጥተው አያውቁም። በልባቸው የያዙት ኒያ ለአላህ ብሎ መስጠት፣ ሶደቃ ነበር።

ረመዳን አልፎ በመጀመሪያው ጁሙዓ ሲመጡ ሙፊዳን ከስታ አገኟት።

«ጾሙ በረታብሽ እንዴ ልጄ?»

ሙፊዳ ወደ አወል ገልመጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጾሙስ አልከበደኝም ሐጂ። ወሩን ሙሉ ምሳ የሚበላ ስለሌለ ጉርሻም አልነበረም። ለልጆቼ የማበላው አጣሁ።»

«ደመወዝሽስ?»

«እርስዎ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ ጋሽ አወል ደመወዜን አቆመው። ‹የሐጂ እጅ ይበቃሻል› አለኝ።»

ሐጂ ቡሽራ የዘረጉትን እጅ ከትሪው መለሱ። የሴትዮዋን ደመወዝ ያስቀረው የገዛ ሶደቃቸው መሆኑን ሲረዱ ፊታቸው ጠቆረ። አወልን አስጠሩት፤ እየሳቀ መጣ።

«ምን ጎደለ ሐጂ?»

«የዚህች ሴት ሐቅ።»

«አይ ሐጂ፣ ሪዝቅ እኮ፣ የሰው እንጀራ፣ ከአላህ ነው። በእርስዎ እጅ እየሰጣት አይደል?»

እኔን ደሜን የሚያፈላው ይሄ መልስ ነው። ሰው የሰው ላብ በልቶ አፉን በአላህ ስም ይጠርጋል?

ሐጂ ቡሽራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ የዚያን ቀን ግን ቤት ሙሉ ሰው ሰማቸው። «የአላህን ስም ለስስትህ መሸፈኛ አታድርገው። እኔ የሰጠሁት ለሷ ነበር፤ ስትበላው የኖርከው አንተ ነህ። ሶደቃ መብላት ካማረህ መስጊድ በር ላይ ከምስኪኖቹ ጋር ቦታ ይለቀቅልሃል። ያስቀረህባትን እስክትከፍላት ከዚህ ቤት ውሃም አልቀምስ። ለምን ተናገርሽ ብለህ ብታባርራት ደግሞ ቃዲው ፊት እንገናኛለን።»

በየትሪው ዙሪያ የተቀመጡትም እጃቸውን ሰበሰቡ። አወል ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ፤ መሳቢያውን ከፍቶ የወራቱን ሁሉ ከፈላት። ሙፊዳ ገንዘቡን በሻሿ ጫፍ ቋጠረች። አላመሰገነችውም።

ሐጂ ሲወጡ ይህን ብቻ አሉ፦ «ጉርሻ ከደመወዝ በላይ ሲሆን ኢሕሳን፣ በጎነት ነው፤ በደመወዝ ቦታ ሲገባ ዙልም፣ በደል ነው። እኔም ሳላውቅ ተባብሬያለሁ፣ አላህ ይማረኝ።»

ወገኖቼ፣ እሳቸው ባያውቁ ነው። እኛ ግን እናውቃለን። ምግብ የምታቀርብልን ልጅ ያለ በቂ ደመወዝ እንደምትሠራ እያወቅን፣ ብር ከሳህን ሥር ሸጉጠን ደረታችንን ነፍተን እንወጣለን። የምግብ ቤቱን ባለቤት «ስንት ትከፍላታለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያሳፍረናል። ወዳጃችን ነዋ፣ በጁሙዓ ከጎናችን ይሰግዳል። እሷ የውመል ቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ ሐቋን ስትጠይቅም ከጎኑ የምንቆመው እኛው ነን።