በዓመት አራት ጊዜ የምትነካ ቁልፍ

አንድ ሩቅ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ጥሩዬ የምትባል የጤና ሠራተኛ ነበረች። ጤና ኬላዋ ከወረዳው ከተማ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። ከዕለታት አንድ ቀን ባለሙያዎች መጥተው ስልኳ ላይ አዲስ መተግበሪያ ጫኑላት። ሲከፈት ከአንዲት ትልቅ ቀይ ቁልፍ በቀር ምንም የለውም። ቁልፏን ስትነካ ጥሪው አምቡላንስ ጣቢያ ይደርሳል፤ መኪናው በግማሽ ሰዓት ከች ይላል።

በሁለተኛው ዓመት መተግበሪያው ታደሰ። የክትባት መመዝገቢያ ተጨመረበት፤ እሱስ ጠቀማት። ቀጥሎ የወር ሪፖርት፣ የአየር ሁኔታ፣ የሥልጠና ቪዲዮ፣ የሠራተኞች ውድድር መጡ። ቀይዋ ቁልፍ መጀመሪያ አነሰች፤ ኋላ ወደ ታች ወረደች፤ በመጨረሻም "ሌሎች" የሚል ዝርዝር ውስጥ ገባች። ጥሩዬ በየጊዜው ጣቷን እንደ አዲስ ታስለምዳለች። "መቼም እነሱ ያውቃሉ" ብላ አንድም ቀን ቅሬታ አላቀረበችም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንጉዳይ የምትባል ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። ደሟ አልቆም ብሏል። ጥሩዬ ተጣድፋ ስልኳን ከፈተች።

"እንኳን ደስ አለዎት! መተግበሪያው ታድሷል" አላት ስልኩ።

"ቀጥል" የሚለውን ነካች። ደግማ ነካች። "ሌሎች" ውስጥ ገብታ ከላይ እስከ ታች ፈለገች። ቁልፏ የለችም። የጣቢያውን ስልክ ቁጥር ደግሞ የያዘ ሰው አልነበረም።

"እህቴ፣ ምን እየጠበቅን ነው?" አላት የእንጉዳይ ባል።

ቁልፏ እንደጠፋች ነገረችው። ወንድሙን በፈረስ ወደ ከተማ ላኩት። አምቡላንሱ ሲደርስ ሕፃኑ ተወልዶ ያለቅስ ነበር፤ እናቱ ግን አርፋለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከባለሙያዎቹ አንዱ ስለ እድሳቱ አስተያየት ሊሰበስብ መጣ።

"ቀይዋን ቁልፍ ለምን አነሣችኋት?" አለችው።

"መረጃውን አይተን ነው። እዚህ ባለፈው ዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው የተነካችው። ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያላት እሷ ነበረች።"

"ቁልፏን የነካሁላቸው አራቱም ሴቶች በሕይወት አሉ፣ ወንድሜ። ና ቤታቸው ልውሰድህና ጥቅሟን ራሳቸውን ጠይቃቸው። አምስተኛዋ ቤት ስንደርስ ግን የምትጠይቀው ባሏን ነው።"

ቁልፏ በወሩ ተመለሰች። ጥሩዬን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጣት ሌላ ነገር ነው፤ ቁልፏ ስታንስና ስትሸሽ እያየች ዝም ማለቷ።

አልፎ አልፎ የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ ትንሽ ነገር አይደለም። ለሰው የምንሠራ ከሆነ፣ ከመቀነሳችን በፊት የሚገለገልበትን ሰው እንጠይቅ። ተገልጋዮች ከሆንን ደግሞ የሚያስፈልገን ነገር ከእጃችን ቀስ በቀስ ሲርቅ ገና በጊዜው እንናገር። እናንተስ፣ "ብዙም አያስፈልግም" ብላችሁ ልታነሡት ያሰባችሁት ነገር የማን ነፍስ ማትረፊያ እንደሆነ ጠይቃችኋል?