የአቶ ዘርጋው ጭስ

አንድ ቀን የሳሙና ፋብሪካ ባለቤቱ አቶ ዘርጋው ሠራተኞቻቸውን ግቢ ውስጥ ሰበሰቡና «ከዛሬ ጀምሮ ሳሙና የሚበስለው በነፋስ ነው» ብለው አረፉት።

አቶ ዘርጋው ማለት ሳሙና እያመረቱ እጃቸውን በራሳቸው ሳሙና የማይታጠቡ ሰው ናቸው። ምሳ ከበሉ በኋላ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ካለው ሆቴል ገብተው፣ በሆቴሉ ሳሙና፣ በሆቴሉ ውሃ ተለቃልቀው ይመለሳሉ። አስተናጋጁ ቀና ብሎ ካያቸው ደግሞ «ዛሬ አረፋው አነሰ» ብለው ይቆጡታል። እንዲህ ያለ ሰው በነፋስ አበስላለሁ ሲል ሠራተኛው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

«ነፋስ ጉንፋን ያመጣል እንጂ ሳሙና ያበስላል እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። ከናዝሬት ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ የነፋስ መዘውሮች ያላየ የለም። ከእነሱ የሚመጣው መብራት ወደ ፋብሪካው ገብቶ፣ በእንጨት ይግል የነበረው ቦይለር ቀርቶ በመብራት የሚግል አዲስ ቦይለር ተተክሏል። አቶ ዘርጋው ይህን ያደረጉት ለአየሩ አዝነው እንዳይመስላችሁ። ለትልልቅ ሆቴሎች ሳሙና የሚያቀርቡት ወይዘሮ ትርሲት ከአዲስ አበባ መጥተው «ደንበኞቼ ጭስ የወጣበት ሳሙና አንነካም ብለዋል። ከዚያ የጭስ ማማ ላይ ጭስ ያየሁ ቀን ውላችን ፈረሰ» ስላሏቸው ነው።

አቶ ዘርጋው ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ በዳዳ ዞሩ። በዳዳ አሮጌውን ቦይለር እንጨት እያጎረሰ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገ እሳት አንዳጅ ነው። ምላሱ ደግሞ ካነደደው እሳት ይብሳል።

«አንተ በዳዳ፣ ከእንግዲህ እሳት የለም። እሳት ከሌለ እሳት አንዳጅ የለም። ወሩን ጨርስና በሰላም ሂድ።»

በዳዳ ክው አለ። ልጆቹ ገና ትምህርታቸውን አልጨረሱም፤ በዚህ ዕድሜው ደግሞ እሳት አንድድልኝ ብሎ የሚቀጥረው የለም። ቢሆንም ድንጋጤውን ዋጥ አድርጎ «እሺ ጌታዬ። ነፋሱ ጭሱን ብቻ ይወስዳል ብዬ ነበር፤ ለካ እኔንም ጨምሮ ነው» አለ።

ጭሱ ቆመ። ጣጣውም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ያ የጭስ ማማ ለከተማው እንደ ሬዲዮ ነበር። ቸርቻሪዎቹ ጭሱን አይተው «ዛሬ ሳሙና አለ» ብለው ይመጣሉ። ጎረቤቱ ጭሱን አይቶ የታጠበ ልብሱን ከገመድ ላይ ያነሳል። አሁን ቢያዩ ጭስ የለም። በማግስቱም የለም። ሰዉ ማሰብ ጀመረ፤ ጭስ ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ሳሙና የለም፣ ሳሙና ከሌለ ዘርጋው የለም። ደውሎ የሚያጣራ አልተገኘም። ለአቶ ዘርጋው ብሎ ካርድ የሚያቃጥል ማን አለ?

አንድ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። «የአቶ ዘርጋው ቀብር ነውና አባላት ውጡ!» ተባለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቦጋለ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው፣ እያለቀሱ ከፋብሪካው ግቢ ገቡ። ድንኳኑ ተተክሎ አልቆ ለቅሶው ሲደምቅ አቶ ዘርጋው ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ምን ማን አለው፣ አቶ ዘርጋው ናቸዋ!» አሉ አቶ ቦጋለ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ቀና ሲሉ ሟቹ ከፊታቸው ቆመዋል። «በስመአብ! አሉ እንዴ?»

«ምን ሆኜ ልጥፋ?»

«ጭስዎ ጠፋብን እኮ! እኛማ አንድ ነገር ቢሆኑ ነው አልን።»

ለቀስተኛው አፍሮ ተበተነ። አቶ ዘርጋው ግን ምን አሳፈራቸው! ንፍሮው እንዳይበላሽ ብለው በራሳቸው ለቅሶ ላይ ሁለት ሳህን ጥርግ አድርገው በሉ። እድርተኛው ድንኳኑን ሊነቅል ሲል «ቆይ፣ ለምን ትቸኩላላችሁ? እኔ ስጨርስ እመልሳለሁ» አሉና የሳሙና ካርቶን አስደረደሩበት።

ከንፍሮው በኋላ ግን ሐሳብ ገባቸው። ቸርቻሪዎቹ ፋብሪካው ተዘጋ ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ሳሙና አዙረዋል። በዳዳን በድብቅ ጠሩት።

«ስማ፣ አሮጌውን ቦይለር አንድደው።»

«ምን ላብስልበት?»

«ምንም! እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምርበትና ዝም ብለህ አጭስ። ሰው ይየን።»

«ሥራዬስ?»

«ጭሱ እስካለ አለህ። ሲቆም ትቆማለህ።»

በዳዳ እየሳለ ማጨሱን ያዘ። ድሮ እሳት ሲያነድ ጭስ እንዳይበዛ ይጨነቅ ነበር፤ አሁን እሳት እንዳይበዛበት ይጨነቃል። ሳሙናው ወዲያ በነፋስ ይበስላል፣ በዳዳ ወዲህ በባዶ ቦይለር ሰማዩን ያጠቁራል። ፋብሪካ ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ!

ቸርቻሪዎቹ መመለስ እንደ ጀመሩ የወይዘሮ ትርሲት መኪና ሳይታሰብ በሩ ላይ ቆመች። ወይዘሮ ትርሲት ወረዱ፤ ወደ ማማው አንጋጠጡ፤ ጭሱ እየተትጎለጎለ ነው።

«አቶ ዘርጋው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አቶ ዘርጋው ፊታቸው አመድ መሰለ። ሮጠው የበዳዳን ክንድ ያዙና ወደ ፊት ገፉት።

«እሱ ነው! እኔ አላወቅሁም! ንገራቸው እንጂ፣ አንተ አይደለህም ያነደድከው? ማን አዘዘህ? በል ተናገር!»

ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ በዳዳን ያያል። እሳቸው አዘውኝ ነው ቢል ውሉ ይፈርሳል፣ ሠራተኛው በሙሉ ይበተናል። በራሴ ነው ቢል እሱ ብቻውን ይባረራል። በዳዳ እጁን በቱታው ላይ ጠረገ።

«ያነደድኩትስ እኔው ነኝ፣ እመቤቴ» አለ። አቶ ዘርጋው እፎይ አሉ። «ግን ሳሙናው የሚበስለው በነፋስ ነው፤ በዚህ ጭስ በሕይወት የሚቆዩት እሳቸው ናቸው። ጭሱ የቆመ ዕለት ከተማው ሊቀብራቸው መጣ። ካላመኑኝ የለቅሷቸው ድንኳን ያውና!»

ወይዘሮ ትርሲት ወደ ድንኳኑ ዞሩ። ቀጥ ብሎ ተተክሏል፤ የእድሩ ስም በቀለም ተጽፎበታል፤ ሥሩ ሳሙና ተደርድሯል። ከአሮጌው ቦይለር ወደ ሳሙናው ገንዳ ይሄድ የነበረው ቱቦም ተቆርጦ መሬት ላይ ተጋድሟል። መጀመሪያ ሊቆጡ አሰቡ፤ ከዚያ አልቻሉም፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ይሁን፣ ውሉ አይፈርስም» አሉ። «ጭሱ ግን አሁኑኑ ይጥፋ!»

አቶ ዘርጋው ነፍሳቸው መለስ ከማለቷ «ሰማህ? አጥፋው!» ብለው ጮኹ። «ስታጠፋም ልብስህን ይዘህ ውጣ! ጭስ ከሌለ ከእንግዲህ ምን ትሠራልኛለህ?»

«አጠፋለሁ ጌታዬ» አለ በዳዳ ረጋ ብሎ። «ግን ያስቡበት። ሌላው ሰው አንዴ ስለሚሞት የእድሩ ጡሩምባ አንዴ ይበቃዋል። እርስዎ ግን ጭስ ከሌለዎት የሚሞቱት በየቀኑ ነው። በየማለዳው አለመሞትዎን የሚለፍፍ ሰው አያስፈልግዎትም?»

ወይዘሮ ትርሲት እንደገና ሳቁና «ይሄ ሰው ይቆይ። እሱ ከወጣ እኔም ወጥቻለሁ» አሉ።

እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ በዳዳ በየማለዳው የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ከእድሩ የተዋሰውን ጡሩምባ ይነፋል። «ሳሙናው በነፋስ እየበሰለ ነው! አቶ ዘርጋው ዛሬም አልሞቱም!»

ሠራተኞቹም ከውስጥ ሆነው በረጅሙ ይተነፍሱና «ዛሬም?» ይላሉ።