አህያ መድን ስትመርጥ

አንድ ጊዜ የአራዊቱን ዋሻና ጎሬ እያጸዳች የምትተዳደር አንዲት አህያ ነበረች። ሦስት ጦጣዎች ቀጥራ፣ መጥረጊያና ባልዲ ጀርባዋ ላይ ጭና ከሰፈር ሰፈር ትዞራለች። ሥራዋ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ እሷ በጠረገችው ጎሬ የከርከሮ ሽታ እንኳ አይቀርም። ዝናዋ አንበሳ ጆሮ ደረሰና አስጠራት።

«ዋሻዬን በየሳምንቱ ታጸጂልኛለሽ» አላት። «ያለ መድን ግን ደጄን እንዳትረግጪ!»

አህያ ደስታም ጭንቀትም አንድ ላይ ያዟት። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ በዕድሜዋ ገጥሟት አያውቅም፤ መድን የሚባለውንም ከስሙ በቀር አታውቀውም።

ወሬውን ቀድሞ የሰማው ጅብ ነበር፤ እያነከሰ መጣ።

«እሜት አህያ፣ የእኔን መድን ውሰጂ! ክፍያ የለውም።»

«በነጻ? ምኑን ነው ታዲያ የምትሸፍነው፣ አያ ጅቦ?»

«ድንገት ብትሞቺ ሬሳሽን ሜዳ ላይ አልተውም። እኔው ራሴ አነሣዋለሁ፤ ማንንም አላስቸግርም!» አለና ምራቁን ዋጠ።

«ወዴት ነው የምታነሣው?»

ጅብ ይህን አላሰበበትም ነበር። «ወደ… ወደ ውስጥ» አለ።

አህያ ነገሩ ገባት። «እስቲ ላስብበት» ብላ፣ ፊቷን ከጅብ ሳታዞር የኋሊት እየተራመደች ራቀች።

በማግስቱ ቀበሮ ከች አለች። በኮባ ቅጠል ላይ አምሮ የተጻፈ ውል ይዛለች።

«መጥረጊያሽ ቢሰረቅ፣ ባልዲሽ ቢቀደድ፣ ገመድሽ ቢበጠስ እተካለሁ። በወር ሁለት ቁና ገብስ ብቻ! በይ ሰኮናሽን እዚህ ጋ አሳርፊ።»

አህያ ሰኮናዋን አነሣች። ቅጠሉ እንዴት ያምራል! ግን አንድ ነገር ከነከናትና እግሯን እንዳንጠለጠለች ጠየቀች።

«የሌላ እንስሳ ዕቃ ብናበላሽስ?»

«እንዴ! አንቺን የመሰለች ጠንቃቃ ምን ታበላሻለች?»

«ብናበላሽስ ነው የምልሽ።»

ቀበሮ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ማውራት ጀመረች። አህያም ሰኮናዋን መልሳ መሬት ላይ አሳረፈች።

ከዚያ በራሷ እግር ወንዝ ዳር ወርዳ ኤሊን አገኘቻት። ኤሊ አራዊቱ እህል እያዋጡ ያቋቋሙት የመድን ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ጥያቄዋ ግን ማለቂያ የለውም።

«ስንት ሠራተኛ አለሽ? ውሃ ታፈስሳላችሁ? በምን ነው የምትፈትጉት?»

«ኧረ እትዬ ኤሊ፣ ይኼ መድን ነው ምርመራ?» ብላ አህያ አማረረች።

«የምትፈሪውን ሳላውቅ ምኑን ልሸፍንልሽ?»

አህያ አሰበች። መጥረጊያ ቢጠፋ ሌላ ትቆርጣለች። እንቅልፍ የሚነሷት የጦጣዎቹ ቀልባላ እጆች ናቸው። «ሠራተኞቼ የሌላውን ንብረት እንዳያበላሹብኝ ነው የምፈራው» አለች። ኤሊ ይህንኑ ጻፈች። ክፍያው ሦስት ቁና ነበር፤ አህያ እያቃሰተች ተስማማች።

ሥራ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ጦጣ የአንበሳን ነጋሪት ጥላሸት ጠጥቶ አየችው። ደግ የሠራች መስሏት ወንዝ ወሰደችና በአመድ ፈትጋ አጠበችው፤ ከዚያም የቀትር ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ቆዳው ተኮማትሮ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።

አንበሳ አገሳ። «የአባቴን ነጋሪት! ነገ አራዊቱን ለጉባኤ በምን ልጥራ?» አለና አህያን ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ ገመገማት። «ለነገሩ ያንቺም ቆዳ ሰፋ ያለ ነው።»

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ጌታዬ፣ መድን አለኝ! ኤሊን ያስጠሩልኝ!»

ኤሊ ደግሞ ኤሊ ናት። ዋሻው ስትደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር፤ አንበሳም ያን ሁሉ ሰዓት የአህያን ጀርባ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ሲሞክር ቆየ። ኤሊ የተቀደደውን ነጋሪት ዙሪያውን አየች፣ ጦጣዋን ጠየቀች፣ ውሉን ቃል በቃል አነበበች።

«ሠራተኛ በሥራ ላይ ያደረሰችው ጉዳት ነው። ተሸፍኗል» አለች። ወዲያው የነጋሪቱን ወሬ እንደሰማች አስቀድማ ያዘዘቻቸው የማኅበሩ ከርከሮዎች ዕድሜ ጠግቦ በሞተ በሬ ቆዳ የተወጠረ አዲስ ነጋሪት እያንከባለሉ አስገቡ።

አንበሳ አንዴ ቢመታው ተራራው አስተጋባ። «ከአባቴ ነጋሪትም ይሻላል» ብሎ አጉረመረመ። «በሉ በሚቀጥለው ሳምንት በጊዜ ኑ። ነጋሪቴን የነካ ግን ወዮለት!»

አህያ ወደ ውጭ እንደወጣች አቧራው ላይ ተጋደመችና እየተንከባለለች እስኪበቃት አናፋች። «እፎይ! ዕድሜ ለእትዬ ኤሊ፣ ቆዳዬ ከእኔው ጋር ነው!» እያለች በደስታ አለቀሰች።

ከዚህ የምንማረው መድን ስንገዛ በክፍያው ማነስና በወረቀቱ ማማር ሳንታለል፣ በሥራችን በእውነት የሚያሰጋንን ጉዳት የሚሸፍን መሆኑን አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።