በጥም የተለካ መኪና

አንድ በያጅ በጦርነት ጊዜ በአንድ የጦር ጋራዥ ይሠራ ነበር። ስሙ አብተው ይባላል። ጢሙ ሳይበቅል ብረት መበየድ የለመደ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ሥራው የአጫጭር ጭነት መኪኖችን ሻንሲ፣ መኪናውን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ ከመሃል ቆርጦ፣ ብረት ጨምሮ፣ መልሶ መግጠም ነበር። መኪናው ሲረዝም ብዙ ይጭናል።

ጋራዡ አንድ ደንብ ነበረው። ሻንሲ የቀጠለ ሰው ብየዳውን ኖራ ይቀባዋል፤ በመጀመሪያው ጉዞም እዚያው ቅጥያው ላይ ተቀምጦ አብሮ ይሄዳል። ብየዳው ከላላ ኖራው ይሰነጠቃል። በያጁ ይህን ከማንም በፊት ያያል፤ ካላየም ከማንም በፊት ይወድቃል። በዚያ ጋራዥ ሰነፍ በያጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

በተራራ ላይ ያለ አንድ ምሽግ ውሃ አለቀበት። ወደ ምሽጉ የሚወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከማዶ ያለው የጠላት መድፍ ያየዋል። መንገዱን የሚከልለው የጠዋት ጉም ብቻ ነበር። ሻለቃው አብተውን አስጠርቶ፣ «ካለን ሁሉ ትልቁን የውሃ ታንከር የሚሸከም መኪና እፈልጋለሁ። ሻንሲው ላይ አንድ ክንድ ጨምርበት» አለው።

አብተው ሁለት ክንድ ጨመረ። ምሽጉ ውስጥ ካሉት ወታደሮች አንዱ ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ አባታቸው ከሞተ በኋላ ከራሱ ጉርሻ እየቀነሰ ያሳደገው። አብተው ብረቱን ሲለካ የታየው የወንድሙ የደረቀ ከንፈር ነው። ታንከሩንም ብረት ቀጥሎ ከታዘዘው የሚበልጥ አደረገው።

ሾፌሩ ሃምሳ አለቃ ጉልላት መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይኼ መኪና ነው ባቡር?»

«ብየዳው አይለቅም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«ስለ ብየዳው መቼ ጠየቅኩህ? ላይኛውን መታጠፊያ ያልፋል ወይ ነው የምልህ።»

አብተው ያንን መንገድ አይቶት አያውቅም። «መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለ።

«እኔ የማውቀው በአጭር መኪና ነው። እንግዲህ ስንደርስ እናየዋለን» ብሎ ጋቢና ገባ።

ብዙ ውሃ የያዘው ቀድሞ ይድረስ ተብሎ ረጅሙ መኪና ፊት ወጣ። በርሜል የጫኑ አጫጭር መኪኖች ተከተሉት። አብተው ከጋቢናው ጀርባ ቅጥያው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከኖራው አልነቀለም። መኪናው ጉድጓድ ገባ፣ ድንጋይ ወጣ፣ ብረቱ ጮኸ። ኖራው ላይ የፀጉር ያህል መስመር አልወጣም። አብተው በልቡ ደስ አለው።

ላይኛው መታጠፊያ ላይ መኪናው ቆመ። የፊት ጎማዎቹ ከገደሉ አፋፍ ደርሰዋል፤ የኋላው ግን ገና አልዞረም፣ ጎኑ በውስጥ በኩል ካለው ዐለት ጋር ተጣብቋል። ሃምሳ አለቃ ጉልላት ወደ ኋላ አለ፣ ወደ ፊት አለ። በእያንዳንዱ ሙከራ ከአፋፉ አፈር እየተናደ ወደ ገደሉ ይወርዳል። የማርሹ ፍሪሲዮን ተቃጥሎ መሽተት ጀመረ።

«እባብ ብታደርገው ይሻል ነበር» አለ ሾፌሩ በመስኮት። «እባብ ይታጠፋል።»

አብተው ወርዶ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አየ። የጎደለው ቦታ አንድ ክንድ ያህል ነበር። ማንም ሳይነግረው የጨመራት ክንድ።

ከማዶ ጉሙ እየሳሳ የተራራው ጫፍ ታየ። ከኋላ የቆሙት ሾፌሮች ሞተር አላጠፉም፤ ግን ማንም ጡሩምባ አልነፋም። ሁሉም አብተውን ያያሉ።

«እዚህ ቆመን ፀሐይ ከወጣች» አለ ሃምሳ አለቃ ጉልላት፣ «ያንተም ውሃ አይደርስ፣ የእነሱም አይደርስ።»

አብተው እጁን ብየዳው ላይ አሳረፈ። ብየዳው ገና ከሞተሩ ሙቀት ለብ ያለ ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከኋላ ካለው በርሜል ሁሉ ይበልጣል። ወንድሙ ጠግቦ የሚጠጣው ያ ውሃ ነበር።

«ይውረዱ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ።

ሾፌሩ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ ወረደ። ሁለተኛው መኪና ቀስ ብሎ ተጠግቶ ከኋላ ገፋው፤ በኋለኞቹ መኪኖች የመጡት ወታደሮችም ትከሻቸውን ሰጡ። አብተው ከሁሉ ቀድሞ ገፋ። ረጅሙ መኪና አፍንጫውን ደፍቶ ገደሉ ገባ። ውሃው ከታች ሲፈስ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር። አጫጭሮቹ መኪኖች አንድ በአንድ ታጥፈው አለፉ። የመጨረሻው ካለፈ በኋላ ጉሙ ተገለጠ፤ የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት የመታው ባዶውን መታጠፊያ ነበር።

ምሽጉ ውስጥ ወንድሙ አንድ ጣሳ ውሃ ደረሰው።

«ይኼው ነው?» አለ።

«ሌላም ነበረ» አለ አብተው።

«የት ሄደ?»

«እኔ ስላበዛሁት መንገድ ላይ ቀረ።»

ወንድሙ ግማሹን ጠጥቶ ጣሳውን ለአብተው አቀበለው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ወደ ገደሉ የወረዱ ሰዎች መኪናውን አገኙት። ጋቢናው ተጨፍልቋል፣ ታንከሩ ተቀዷል። ብየዳው ግን አልለቀቀም። ይህንንም ለአብተው ነገሩት። እሱ ግን ከዚያ ጉዞ ወዲህ ሻንሲ ከመቁረጡ በፊት መንገዱ ድረስ ሄዶ መታጠፊያውን በገመድ ይለካ ነበር።

ፍቅር ብዙ ለመስጠት ይቸኩላል። የምንሰጠውን የምንለካው ግን በናፍቆታችን ብቻ ከሆነ፣ ያማረው ሥራችን ራሱ መንገድ ይዘጋል። ሥራው ጠንካራ መሆኑም አያድነውም። እንዲያውም ጠንካራ ሲሆን ማንሳቱ ይከብዳል።

አንባቢ ሆይ፣ በገዛ እጅህ የሠራኸው፣ እንከን የሌለው ነገር መታጠፊያው ላይ ቆሞ ከኋላ ሌሎች ቢጠብቁ፣ ትከሻህን ቀድመህ የምትሰጥ አንተ ነህ?