ዘሩ ሳይረግፍ የታጨደ አበባ

አንድ ሰው ነበር። ባሕር ማዶ የዕፅዋት ትምህርት ተምሮ፣ እናቱ ከሞተች በኋላ ወደ ሐይቅ ዳር መንደሩ ተመለሰ። ሲደርስ ምን አየ? ሐይቁ የቤተ ክርስቲያኑን መካነ መቃብር እየበላው ነው። የእናቱ መቃብር ከተናደው ጫፍ የሚርቀው አሥር ክንድ ብቻ ነበር።

ያንን ዳር ድሮ ምን ይዞት ኖረ? ቢጫ የአሸዋ አበባ ነበር። ሥሩ አሸዋውን ይቋጥራል፤ ንቡም ይቀስመዋል። ታዲያ የት ሄደ? በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ይታጨድና በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ይጎዘጎዛል። ዘሩ የሚበስለው ግን ከበዓሉ በኋላ ነው።

ሰውየው ከድንጋይ መካከል ጥቂት ዘር ለቀመ። በጥሩ አፈር ዘርቶ በየቀኑ ውሃ አጠጣው፤ በሰበሰ። በሁለተኛው ዓመት የቀረውን በመቃብሮቹ ዳር፣ የግንቦት ፀሐይ ባቃጠለው አሸዋ ላይ በትኖ ተወው። በሐምሌ በቀለ።

ኅዳር ሲገባ ሴቶች ማጭድ ይዘው መጡ። ከፊት አርባ ዓመት ሲያጭዱ የኖሩት እትዬ የሻረግ ነበሩ።

«እትዬ፣ ዘሩ እስኪረግፍ ሃያ ቀን ብቻ ይታገሡኝ።»

«መልአኩን ‹ሃያ ቀን ቆይተህ ና› ልበለው? ወይ ጉድ! ተምሮ ተምሮ የሣር ዘበኛ ሆኖ መጣ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ለእግዚአብሔር የሚነፈግ አበባ አለ እንዴ ልጄ?»

እሱም ቢሆን እርግጠኛ አልነበረም። ጎንበስ አለና ከሚሳሳላቸው አበቦች አንዱን ነቀለ። ከክንድ የሚረዝም ሥር አሸዋውን እንዳቀፈ ወጣ። የወጣበት ቦታ ወዲያው ተናደ።

እትዬ የሻረግ የተናደውን አዩ። ቀና ብለው ደግሞ አጠገቡ ያለውን የባላቸውን መቃብር አዩ።

«እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው። «አርባ ዓመት ከእግሩ ሥር የናድኩበት እኔው ነኛ።»

ማጭዳቸውን በነጠላቸው ጠቀለሉት። የዚያ ዓመት ሚካኤል በባዶ ወለል ተከበረ። ያጉረመረመ ብዙ ነው። ዘሩ ግን ረገፈ።

ዳሩ ዳነ ወይ ትሉኛላችሁ? በቀጣዩ ክረምት ጥቂት ተናደ፤ መቃብሮቹ ግን እስካሁን አሉ። ከዚህ በላይ ልነግራችሁ አልችልም።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? በእግዚአብሔር ስም ሳይበስል ያጨዳችሁት ምንድን ነው? ልጃችሁ «እግዚአብሔር ለምን ዝም አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ዝም በዪ፣ ኃጢአት ነው!» ያላችኋት ዕለት ምን አጨዳችሁ? ለእምነታችሁ የቀናችሁ መስሏችሁ ነበር። እኔም መስሎኝ ያውቃል።

ነገም ትጠይቃችሁ ይሆናል። መልሱ ባይኖራችሁም አትቁረጧት። «እኔም አላውቅም ልጄ፤ አብረን እንቆይ» በሏት።